መስመር አቅጣጫ አለው፦ በዲጂታል ካርታ ላይ የመስመር ምልክትን ስለ ማበጀት

የካርታ ሶፍትዌር አዲስ የመስመር ሌየር (አንድ ዓይነት ነገሮችን የያዘ የካርታ ንጣፍ) ሲከፈትለት ለሁሉም መስመር አንድ ቀለምና አንድ ቀጭን ውፍረት ሰጥቶ ያሳየዋል። ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ሶፍትዌር ይህ መነሻ ውፍረት 0.26 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 96 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 96 ፒክስል) ባለው ስክሪን ላይ የአንድ ፒክስል ስፋት ያህል ነው። በዚህ ሁኔታ መንገዱም፣ ወንዙም፣ የኤሌክትሪክ መስመሩም፣ የአስተዳደር ወሰኑም ተመሳሳይ ክር መስለው ይወጣሉ። አብዛኛው ተጠቃሚ በመጀመሪያ የሚያደርገው ቀለሙን መለወጥና መስመሩን ማወፈር ነው፤ እዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም። ያልታሰበው ነገር የሚመጣው ቀጥሎ ሰረዝ፣ ቀስት ወይም ጠርዝ ያለው መንገድ ሲሞከር ነው፤ የተቆራረጠው መስመር አንዳንድ ቦታ ላይ ድፍን ሆኖ ይታያል፣ ቀስቱ ወደ ወንዙ ምንጭ ያመለክታል፣ መንገዶቹም በመገናኛቸው ላይ አንዱ ሌላውን ይቆርጠዋል። የእነዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ነው። የመስመር ምልክት ማለት በእያንዳንዱ መስመር ላይ ተራ በተራ፣ ከመስመሩ መነሻ ነጥብ ተነሥቶ እስከ መድረሻው ድረስ በቅደም ተከተል የሚፈጸም የአሣሣል ትእዛዝ ነው፤ ስለዚህም ምልክቱ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው ከሥሩ ባለው ዳታ ቅርጽ ነው።

በዳታው ውስጥ መስመር ምን እንደሆነ በቅድሚያ ማየት ይጠቅማል። አንድ መስመር ተራ በተራ የተቀመጡ የነጥቦች መጋጠሚያ ቁጥሮች ስብስብ ነው። ውፍረት የለውም፤ ቀለምም የለውም። ያለው የመጀመሪያ ነጥብ፣ የመጨረሻ ነጥብና በመካከላቸው ያለ ተራ ነው፤ ይህም ተራ አቅጣጫ ይሰጠዋል። ከዚህ ሌላ በሠንጠረዥ የተቀመጡ መረጃዎች፣ ማለትም የመንገዱ ደረጃ፣ የወንዙ ስም ወይም የቧንቧው ዲያሜትር፣ ከእያንዳንዱ መስመር ጋር ተያይዘው ይኖራሉ። በዓይን አንድ ረጅም መንገድ ሆኖ የሚታየው ነገር በዳታው ውስጥ በመቶ የተቆራረጡ አጫጭር መስመሮች ሊሆን እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም፤ ይህ ነገር ከታች ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ምልክቱ ራሱ ደግሞ ከአንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ንብርብሮች ይሠራል። ኪውጂአይኤስም አርክጂአይኤስ ፕሮ የተባለው ሌላ የካርታ ሶፍትዌርም ስማቸው ቢለያይም በዚህ አሠራር ይስማማሉ፤ የታችኛው ንብርብር በቅድሚያ ይሣላል፣ ቀጥሎ የላይኛው ከበላዩ ይደርባል። ጠርዝ ያለው መንገድ የሚገኘው በዚህ ዘዴ ነው። ከታች 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ግራጫ መስመር፣ ከላይ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቢጫ መስመር ቢደረግ፣ በግራና በቀኝ 0.3 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ያለው መንገድ ይወጣል። የባቡር ሐዲድ ምልክትም ከአንድ ቀጭን ድፍን መስመርና መስመሩን በተወሰነ ርቀት ከሚያቋርጡ አጫጭር ጭረቶች ይሠራል። ጭረቱን፣ ክቡን፣ ሦስት ማዕዘኑን ወይም ሌላ ትንሽ ሥዕልን በመስመሩ ላይ የሚደረድረው ንብርብር ሥዕሉ የት እንደሚቀመጥ ይጠይቃል፤ በየተወሰነ ርቀት፣ በእያንዳንዱ የመታጠፊያ ነጥብ፣ በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ነጥብ ብቻ፣ ወይም በመስመሩ መካከል ሊሆን ይችላል። በየነጥቡ የሚለው ምርጫ የሚያዋጣው ነጥቦቹ ትርጉም ሲኖራቸው ነው፤ ለምሳሌ እያንዳንዱ ነጥብ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ከሆነ። በእጅ ተከትለው የሣሉት ወንዝ ከሆነ ግን ነጥቦቹ በጠመዝማዛው ቦታ ተጨናንቀው በቀጥታው ቦታ ስለሚሳሱ ምልክቱም አብሮ ይጨናነቃል።

ጠርዝ ያላቸው መንገዶች ሲገናኙ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ሶፍትዌሩ በተለመደው አሠራር የመጀመሪያውን መንገድ ከነጠርዙ ሙሉ በሙሉ ሥሎ ይጨርስና ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ የሁለተኛው ጥቁር ጠርዝም የመጀመሪያውን ቢጫ መካከል አቋርጦ ያልፋል። በመስቀለኛው ላይ ያ የተዘጋ በር የሚመስል ጥቁር ጭረት የሚመጣው ከዚህ ነው። መፍትሔው የሥዕሉን ቅደም ተከተል መለወጥ ነው፤ በኪውጂአይኤስ የምልክት ደረጃዎችን፣ በአርክጂአይኤስ ፕሮ ደግሞ የምልክት ንብርብሮችን አሣሣል የሚመለከተውን ቅንብር በማብራት የሁሉም መንገዶች ጠርዝ መጀመሪያ እንዲሣል፣ ቢጫው መካከል ግን ሁሉም ጠርዞች ካለቁ በኋላ እንዲሣል ይደረጋል። ያን ጊዜ መገናኛዎቹ ክፍት ሆነው ይዋሐዳሉ። ነገር ግን ይኸው ቅንብር ድልድይን ይበድላል፤ አንዱ መንገድ ከሌላው በላይ የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ እንደ ተራ መስቀለኛ ተዋሕዶ ይታያል። ይህን ለማስተካከል የትኛው መንገድ በላይ እንደሚያልፍ የሚናገር መረጃ በሠንጠረዡ ውስጥ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው፣ በፈቃደኞች የሚሠራው የካርታ ዳታ ኦፕንስትሪትማፕ ይህን የሚይዝ የከፍታ ደረጃ መለያ አለው፤ በዜሮና በአዎንታዊ ወይም በአሉታዊ ቁጥሮች የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሆነ ይመዘግባል። ይህ መረጃ የሌለው ዳታ ላይ ድልድዩን በምልክት ብቻ ማዳን አይቻልም፤ በእጅ ለይቶ የተለየ ደረጃ መስጠት ግድ ይሆናል።

የውፍረት መለኪያ አሃድ ቀላል መስሎ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሚሊ ሜትርና ነጥብ፣ ማለትም የአንድ ኢንች 72ኛ እጅ የሆነውና ወደ 0.35 ሚሊ ሜትር የሚጠጋው የኅትመት መለኪያ፣ በወረቀቱ ላይ ይለካሉ፤ ካርታው ቢያንስም ቢያድግም የመስመሩ ውፍረት አይለወጥም። የካርታ አሃድ ወይም በመሬት ላይ ያለ ሜትር ከተመረጠ ግን መስመሩ ከካርታው ጋር አብሮ ያድጋል፣ አብሮም ያንሳል። ሁለተኛው አማራጭ የመንገድን እውነተኛ ስፋት ወይም በግራና በቀኝ የሚጠበቅን ክልል በሰፊው መስፈርት (ትንሽ አካባቢ ጎልቶ በሚታይበት የካርታ ልኬት) ለማሳየት ይጠቅማል፤ ለአጠቃላይ ካርታ ግን አይመከርም፤ ሰው ካርታውን ባሳነሰ ቁጥር መስመሩ እየቀጠነ ይጠፋልና። እዚህ ላይ የሚያስገርም ስሕተት አለ። ፕሮጀክቱ በኬንትሮስና በኬክሮስ የሚሠራ ከሆነ የካርታው አሃድ ዲግሪ ነው፤ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ ደግሞ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው። 10 ሜትር ያሰቡ ሰዎች 10 የካርታ አሃድ ብለው ሲጽፉ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው መስመር ይሣልና ስክሪኑ በአንድ ቀለም ይሸፈናል። በድረ ገጽ ካርታዎች የተለመደው ዌብ መርካቶር ትንበያም (ክብ ምድርን በጠፍጣፋ ካርታ ላይ የማሳያ ዘዴ) የራሱ ማዛባት አለው፤ ከምድር ወገብ እየራቁ በሄዱ ቁጥር ርቀትን ስለሚለጥጥ በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ 10 የካርታ ሜትር በመሬት ላይ 5 ሜትር ብቻ ነው።

ውፍረትን ከመስፈርት ጋር አያይዞ ማስላት የካርታ ሠሪ ዕለታዊ ልምድ ቢሆን ጥሩ ነው። በ1፡50,000 መስፈርት 10 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በወረቀት ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ እኛ ግን እንዲታይ ብለን በ0.5 ሚሊ ሜትር ስንሥለው 25 ሜትር መሬት ሸፍነናል። በ1፡250,000 ያው 0.5 ሚሊ ሜትር 125 ሜትር ይይዛል። ወንዝ፣ መንገድና ሐዲድ ጎን ለጎን በሚያልፉበት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ሦስቱም በየቦታቸው ትክክል ሆነው ሳለ ምልክቶቻቸው እርስ በርስ ይደራረባሉ። ምልክቱ ከነገሩ ስለሚበልጥ ካርታ ሁልጊዜ በተወሰነ መጠን ያጋንናል፤ ካርታ ሠሪው የሚመርጠው የትኛው ቦታውን ይዞ እንደሚቀር፣ የትኛው ጥቂት እንደሚገፋ ነው። ብዙውን ጊዜ ወንዙ ይጸናል፣ መንገዱና ሐዲዱ ይገፋሉ። ሶፍትዌሩ ለዚህ የሚሰጠው መሣሪያ መስመሩን ከእውነተኛ ቦታው ወደ ጎን የሚያርቅ ቅንብር ሲሆን፣ ዳታውን ሳይነካ ሥዕሉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ታዲያ በጠባብ መታጠፊያ ላይ ርቀቱ ከመታጠፊያው ሬዲየስ ከበለጠ መስመሩ በራሱ ላይ ስለሚጠላለፍ በልኩ መጠቀም ይገባል።

ከሁሉም ይበልጥ ማብራሪያ የሚፈልገው የተቆራረጠው መስመር ነው። ሰረዝ በሁለት ቁጥሮች ይገለጻል፤ የሚሣለው ርዝመትና የሚዘለለው ርዝመት። አራት ቁጥሮች ከሆኑ ረጅም ሰረዝ፣ ክፍተት፣ አጭር ሰረዝ፣ ክፍተት የሚለው የወሰን መስመር ዓይነት ይወጣል። መጀመሪያ የሚያሳስተው የጫፍ አጨራረስ ነው። ጫፉ ልክ በመጨረሻው ነጥብ ላይ ሊቆረጥ፣ በግማሽ ውፍረት ያህል አልፎ በካሬ ሊያልቅ ወይም በዚያው መጠን አልፎ በግማሽ ክብ ሊያልቅ ይችላል። ይህ አጨራረስ ለመላው መስመር ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰረዝ ይሠራል። ስለዚህ 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው መስመር 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ብናዝና ጫፉ የሚያልፍ ዓይነት ቢሆን ሁለቱ ጫፎች ከሁለት ወገን 0.4 ሚሊ ሜትር እየበሉ ለዓይን የሚቀረው 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የኪውጂአይኤስ መነሻ ምርጫ በካሬ የሚያልፈው ጫፍ በመሆኑ ጀማሪዎች ሰረዛቸው ለምን እንደተጠጋጋ ግራ ይገባቸዋል፤ ጫፉን ልክ ወደሚቆረጠው ዓይነት መለወጥ ወይም ክፍተቱን በአንድ ውፍረት ማስፋት ያስተካክለዋል። ይኸው ጠባይ በጎ ጎንም አለው፤ የሰረዙን ርዝመት ወደ ዜሮ አቅርቦ ክብ ጫፍ መስጠት ንጹሕ ክብ ነጥቦች ያሉት መስመር ያወጣል።

ሁለተኛው ምክንያት የዳታው መቆራረጥ ነው። የሰረዙ ሥርዓት በእያንዳንዱ መስመር መነሻ ላይ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሰረዙ 4 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ መንገዱ በካርታው ላይ 3 ሚሊ ሜትር ከሚሆኑ ቁርጥራጮች የተሠራ ከሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ ገና በመጀመሪያው ሰረዝ ውስጥ ሳለ ያልቃል፤ ክፍተቱ ጋ የሚደርስ የለም፣ መንገዱም ድፍን ሆኖ ይታያል። ይህን ያየ ሰው የሰረዙን ቁጥሮች እየለዋወጠ ብዙ ሰዓት ሊያጠፋ ይችላል፤ መድኃኒቱ ያለው ግን ዳታው ላይ ነው። ተመሳሳይ ስምና ደረጃ ያላቸውን ቁርጥራጮች ማዋሐድ ያስፈልጋል፤ እዚህም ላይ በሠንጠረዥ አንድ ማድረግና በቅርጽ ማያያዝ ይለያያሉ። በሠንጠረዥ ብቻ የተዋሐዱ መስመሮች በውስጣቸው ብዙ ክፍሎች ይዘው ስለሚቀሩ ሰረዙ በየክፍሉ እንደገና ይጀምራል፤ ክፍሎቹን ጫፍ ለጫፍ የሚያያይዘውን መሣሪያ ጭምር መጠቀም ግድ ነው። ሲያያዙ የአንዳንዶቹ አቅጣጫ ሊገለበጥ ስለሚችልም ኋላ መፈተሽ ይገባል።

ሦስተኛው የፖሊጎኖች፣ ማለትም አካባቢን የሚከልሉ የተዘጉ ቅርጾች፣ ወሰን ነው። ሁለት አጎራባች አካባቢዎች የሚጋሩት ወሰን በዳታው ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ አንዱ የዚህኛው፣ ሌላው የዚያኛው ነው። ሁለቱ ሰረዞች ከተለያየ ነጥብ ስለሚነሡ የአንዱ ሰረዝ በሌላው ክፍተት ላይ ያርፋል። በካርታው ውጫዊ ዳር ላይ ያለው ወሰን በትክክል ተቆራርጦ ውስጠኛው ብቻ ድፍን ወይም ዥንጉርጉር ከሆነ ምክንያቱ ይህ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። ፖሊጎኖቹን ወደ መስመር ለውጦ የተደገመውን ማስወገድና ወሰኑን ራሱን በቻለ ሌየር መያዝ አስተማማኙ መንገድ ነው። እንዲያውም በእኔ እይታ የወሰን ሰረዝን በፖሊጎን ዳርቻ ላይ ማድረግ ከመጀመሪያውም ሊሞከር የማይገባው ነው፤ የአገር፣ የክልልና የወረዳ ወሰን በአንድ መስመር ላይ ሲገጣጠሙ የትኛው ደረጃ እንደሚታይ ለመወሰን የሚቻለው ወሰኑ መስመር ሲሆን ብቻ ነውና።

የመታጠፊያ አጋጠም በአጭሩ ይታለፋል፤ ሹል፣ ቁርጥ ወይም ክብ ሊሆን ይችላል። ሹሉ ለጠባብ ማዕዘን አይሆንም። የሹሉ ርዝመት ከውፍረቱ አንጻር በማዕዘኑ ግማሽ ሳይን ተካፍሎ ስለሚገኝ በ20 ዲግሪ ማዕዘን ከውፍረቱ ወደ 6 እጥፍ ይጠጋል፤ ወፍራም መስመር ላይ ከመታጠፊያው እንደ እሾህ ወጥቶ ይታያል። ኤስቪጂ የተባለው የሥዕል ፎርማት ይህን ለመከላከል መነሻ ገደቡን 4 እጥፍ ያደርጋል፤ ይህም ወደ 29 ዲግሪ የሚጠጋ ማዕዘን ነው፤ ከዚያ ሲጠብብ ሹሉ ራሱን ይቆርጣል። ለመንገድና ለወንዝ ክብ መርጦ መቀጠል በቂ ነው።

አቅጣጫ ከመልክ አልፎ ትርጉም የሚሆንባቸው ምልክቶች አሉ፤ እነዚህ ላይ ቸልተኝነት አይፈቀድም። በጂኦሎጂ ካርታ ላይ አንዱ የዐለት ክፍል በሌላው ላይ የተገፋበት ስንጥቅ በአንድ ወገን ጥርስ ባለው መስመር ይገለጻል፤ ጥርሶቹ ያሉት ወደ ላይ በወጣው ክፍል በኩል ነው። ሶፍትዌሩ ጥርሱን የሚያስቀምጠው መስመሩ በተሣለበት አቅጣጫ በስተግራ ወይም በስተቀኝ ብቻ ነው፤ ስለ ዐለቱ የሚያውቀው ነገር የለም። መስመሩን አንዱ ባለሙያ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ሌላው ከደቡብ ወደ ሰሜን ቢሥሉት ሁለተኛው ካርታ የላይኛውን ክፍል የታችኛው ያደርገዋል። በአየር ጠባይ ካርታም የቀዝቃዛ አየር ግንባር ሦስት ማዕዘኖችና የሞቃት አየር ግንባር ግማሽ ክቦች አየሩ በሚገፋበት ወገን መሆን አለባቸው። የወንዝ ቀስትም ከዚሁ ይመደባል። ስለዚህ ዳታ ከመሰብሰቡ በፊት የሥራ ቡድኑ አንድ ደንብ መያዝ አለበት፤ ወንዝ ከምንጭ ወደ አፍ፣ ጥርስ ያለው ስንጥቅ የላይኛው ክፍል በስተቀኝ እንዲውል ተደርጎ ይሣላል የሚል። ደንቡ ካልተጠበቀ ሁሉንም መስመር በጊዜያዊ ቀስት ምልክት ከፍቶ መፈተሽ፣ የተገለበጡትንም አቅጣጫ በሚቀይረው መሣሪያ ማስተካከል ይቻላል። በጂኦሎጂ የሰረዝ አይነትም እንዲሁ የመተማመን ደረጃ ነው፤ ድፍኑ የታየውንና የተረጋገጠውን፣ የተቆራረጠው ቦታው በግምት የታወቀውን፣ ነጠብጣቡ በሌላ አፈር የተሸፈነውን ያመለክታል። እንዲህ ያለውን መስመር ለማሳመር ብቻ ሰረዙን መቀየር የጥናቱን ውጤት መቀየር ይሆናል።

ውፍረት ራሱ መረጃ ተሸካሚ ሲሆን የምልክት ማበጀት ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይደርሳል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሻርል ዦዜፍ ሚናር እ.ኤ.አ. በ1869 ያዘጋጀው የናፖሊዮን የ1812 የሩሲያ ዘመቻ ካርታ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ለ10,000 ወታደሮች ይሰጣል፤ 422,000 ሆኖ የተነሣው ሠራዊት በሰፊ መስመር ጀምሮ ሲመለስ 10,000 የሆነውን በአንድ ሚሊ ሜትር ጥቁር ክር ይጨርሰዋል። ዛሬ ይህ በሶፍትዌሩ ውስጥ ከውፍረቱ ሳጥን አጠገብ ባለች ትንሽ አዝራር ይሠራል፤ በቋሚ ቁጥር ፈንታ የሠንጠረዥ ዓምድ ወይም ቀመር ይገባል። የኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙ) መስመሮች በየ20 ሜትሩ የተሣሉ ከሆኑ ከፍታው ለ100 ሲካፈል ቀሪ ከሌለው 0.3፣ ካለው 0.15 ሚሊ ሜትር ይሁን የሚል አንድ ቀመር በየአምስቱ አንዱን ያወፍራል። ለወንዞች አርተር ስትራህለር ያስተዋወቀው የደረጃ አሰጣጥ ይጠቅማል፤ ገባር የሌለው ጅረት 1 ነው፣ ሁለት ባለ 1 ሲገናኙ 2 ይወለዳል፣ ባለ 1 ወደ ባለ 2 ቢገባ ግን 2 እንደሆነ ይቀጥላል። ደረጃውን በ0.15 ሚሊ ሜትር ማባዛት ወንዙ ወደ ታች እየሰፋ እንዲሄድ ያደርጋል። ከዚህ የሚጠበቅ ጥንቃቄ አንድ ነው፤ ቁጥሮቹ በጣም የተራራቁ ሲሆኑ ትንሹ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች ወርዶ በኅትመት ስለሚጠፋ ዝቅተኛ ወሰን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ስለ ቀለም ብዙ የሚባል የለኝም፤ ሁለት ነገር ብቻ ልጥቀስ። ከሰሜን አውሮፓ የዘር ሐረግ ካላቸው ወንዶች ወደ 8 በመቶ የሚሆኑት ቀይና አረንጓዴን ለመለየት ስለሚቸገሩ በቀለም ብቻ የተለዩ ሁለት መስመሮችን በሰረዝ ወይም በውፍረትም መለየት ይገባል። ሁለተኛው ግልጽነት ነው። የቀለሙን ግልጽነት (ከሥሩ ያለውን የማሳየት መጠን) በምልክቱ ውስጥ ብንጨምር መስመሮች በተደራረቡበት ቦታ ሁሉ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይወጣል፤ የሌየሩን ግልጽነት ብንጨምር ግን ሁሉም መጀመሪያ በሙሉ ቀለም ተሥሎ ከዚያ በአንድነት ይሳሳል። የትራፊክ ብዛትን በመደራረብ ማሳየት የፈለገ የመጀመሪያውን፣ ንጹሕ መስመር የፈለገ ሁለተኛውን ይምረጥ።

ምልክቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ወደ ሌላ ሶፍትዌር ማዛወር ሌላ ሥራ ነው። ኪውጂአይኤስ በራሱ ኪውኤምኤል ፎርማት ሲያስቀምጥ ሁሉንም ይጠብቃል፤ የጋራ የካርታ ዳታ ደንቦችን በሚያወጣው በኦፕን ጂኦስፓሻል ኮንሶርሺየም መስፈርት በሆነው ኤስኤልዲ ሲያስቀምጥ ግን መስፈርቱ የማያውቃቸው ነገሮች፣ በተለይ በቀመር የሚፈጠሩ ቅርጾች፣ ይቀራሉ። በድረ ገጽ ካርታ ላይ የሚሠሩ እንደ ማፕሊብሬ ያሉ መሣሪያዎች ደግሞ ሰረዝን የሚለኩት በመስመሩ ውፍረት ብዜት ነው። እዚያ 2 እና 1 የሚል ሰረዝ በ4 ፒክስል መስመር ላይ 8 ፒክስል ሰረዝና 4 ፒክስል ክፍተት ነው፤ በሚሊ ሜትር የተሠራውን ቁጥር እንዳለ መገልበጥ ሰረዙን ያዛባዋል። የምልክቶቹ ትርጉም የሚጻፍበትን የመግለጫ ሳጥንም በመጨረሻ መመልከት ያስፈልጋል። በመግለጫው ላይ ያለችው የናሙና መስመር አጭር በመሆኗ በየ20 ሚሊ ሜትሩ የሚደገም ምልክት አንዴም ሳይታይባት ሊቀር፣ ባለ ጥርሱም ስንጥቅ ከተራ መስመር ሳይለይ ሊቀር ይችላል፤ የናሙናዋን ስፋት ማርዘም ወይም ለመግለጫው ብቻ ርቀቱ የጠበበ ተመሳሳይ ምልክት ማዘጋጀት ያስፈልጋል።